ወደ ባዶ ጎል አይመታም

4፣ ቅዳሜ

መታቻት! ጉንዳኔ ኳስ መታች! ማንም ሳይለምናት፣ ማንም ሳይገፋት፣ በገዛ እግሯ! ከሜዳው ጥግ አንስታ እስከ ወዲያኛው ጥግ ሰደደቻት አሉ!

ውይ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። እንደምን ሰነበትሽ ደብተሬ? ዓመት ሙሉ ከአንሶላዎቹ ስር አስተኝቼሽ ዛሬ ከተፍ ብዬ ልጮህብሽ ነው። ቻይኝ። የምጮህበት ሌላ ሰው አጥቼ ነው፤ ያለኝን ሰው ሁሉ ዛሬ ጮኼበት ጨርሻለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጠዋት የባሌን ማሊያ እየተኮስኩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እተኩሳታለሁ። የሚለብሳት የለም፤ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ስትቀመጥ ትጨማደዳለች፣ እኔ ደግሞ የተጨማደደ ነገር አልወድም። ሳምንቱን ሙሉ ላውንደሪ ቤት የሰው ኮሌታ ስተኩስ እየዋልኩ የቤቴ ልብስ ተጨማዶ ሲታይ ምን ይሉኛል? ብቻ ካውያውን እንደያዝኩ ጋዜጠኛው በሩን በርግዶ ገባ። ጋዜጠኛው የምለው ትንሹ ልጄን ነው፤ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አፉን ከፈታ ጀምሮ እንደ ሬዲዮ ጨዋታ ያስተላልፋል። ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ «እማዬ ሽንኩርቷን ይዛለች፣ ወደ ድስቱ እየገሰገሰች ነው፣ አደገኛ ሙከራ!» ይላል። ዛሬ ግን ትንፋሽ አጥሮት «እማ፣ ጉንዳን! ጉንዳን መታች! በግራ እግሯ!» ብሎ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

ጉንዳን ታላቋ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ ገና ድክ ድክ ስትል ከራሷ የሚበልጥ ኳስ እየገፋች ግቢውን ስለምትዞር። እሱ ካረፈ ወዲህ ኳስ ነክታ አታውቅም። መንገድ ላይ የሰፈር ልጆች ኳስ ተንከባሎ እግሯ ስር ቢመጣ እንኳ ተሻግራው ታልፍ ነበር።

እልል አልኩ! ካውያውን እንደያዝኩ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ከማን ጋር ሄዳ ነው?» አልኩት።

«ከአጎቴ ጋር። ሁልጊዜ ቅዳሜ የምንሄደው!»

ሁልጊዜ ቅዳሜ! እኔ ዳቦ ሊገዙ ወጡ ስል፣ ለካ ዋርሳዬ፣ ያ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ እረፍቱን ሙሉ ልጆቼን እየደበቀ ሜዳ ይወስዳል! አማቴም ያውቃሉ። ዳቦ ሻጩም ያውቃል። እናት የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ የማላውቅ! ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኩት።

«አንተ! ልጄን ስትወስድ እኔን ማስፈቀድ ክብርህን ይነካል?»

«ብነግርሽ ትከለክያታለሽ ብዬ ነው።»

«ለምን እከለክላታለሁ? ጎረቤት እስኪደነግጥ እልል ያልኩት እኔ አይደለሁም?»

«እንግዲያው ሳምንት አብረሽን ነያ።»

ሥራ አለብኝ አልኩት። ቅዳሜ ሥራ እንደሌለኝ ያውቃል።

ጉንዳን ጫማዋን ደረጃው ላይ እያራገፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እማ፣ ትመጫለሽ?» አለች።

«መጀመሪያ እግርሽን ታጠቢ» አልኳት።

ደስ ብሎኛል። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ደሜ ግን ፈልቷል።

5፣ እሑድ

እሑዳችን ደህና እሑድ ሆኖ ዋለ። ምንጣፎቹን ግቢ አውጥተን አጠብን። በእኛ ቤት ምንጣፍ ሲታጠብ የውሃውን ጎማ የያዘ ሰው ንጉሥ ነው፤ ዛሬ የነገሠው ጋዜጠኛው ነበር። አያቱን ከነሻርፓቸው አራሳቸው። አማቴ «ይሄ ልጅ እኔን ሳይቀብር አያርፍም!» እያሉ ግቢውን ዞሩት፤ ጉልበቴን፣ ወገቤን የሚሉት ሴትዮ እንደ ሚዳቋ! ጉንዳን ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ጥርሷ የእሱን ይመስላል። ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገባብኝ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

በኋላ ደረጃው ላይ ተደርድረን ሐብሐብ በላን፤ ፍሬውን ማን አርቆ ይተፋል ተባለ። እኔ አሸነፍኩ። ዋርሳዬ «አጥር አሻግረሽ ተፋሽው እኮ፣ ምን ዓይነት ንዴት ነው ሆድሽ ውስጥ ያለው?» አለኝ። ለቀልድ ነው። ሳቅኩለት።

ልጆቹ ሲገቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የጉንዳን ጨዋታ ያው ነው፣ ምንም አልጠፋም። አንድ ነገር ግን አለ» አለ።

«ምን?»

«ጎል ፊት ትደርሳለች፣ ከዚያ ታቀብላለች። በረኛ ቆሞ ካየች አትመታም። ትናንት ደጋግማ ብቻዋን ከበረኛ ጋር ተገናኘች፤ ኳሷን እያቆመች ሰው ትፈልጋለች።»

«ይለቃታል» አልኩት።

«እኔ እንጃ።»

«ይለቃታል አልኩህ!»

ሐብሐቡን ከነፍሬው ነው የዋጥኩት።

8፣ ረቡዕ፣ ሥራ ቦታ፣ ቶሎ ቶሎ

ፊሽካ መጥቶ ነበር።

ፊሽካ የአዲሱ የስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ድሮ ዳኛ ነበርኩ ስለሚልና ሲያወራም ሰውን እያስቆመ ስለሆነ ነው ስሙ። ወደ ሰፈራችን የገባው ከባሌ በኋላ ነው፤ በዓይኑ እንኳ አያውቀውም። ጥቁር ሱፍ ልብስ ይዞ መጣ። ይተኮስልኝ። ለምን ቀን? ለ25። ምን አለ በ25? «የባለቤትዎ መታሰቢያ ነዋ! አልሰሙም?»

አልሰማሁም! የገዛ ባሌን መታሰቢያ ከሱፍ ልብስ ጋር ነው የምሰማው!

ደንበኛ ገባ። በኋላ።

8፣ ረቡዕ ማታ

እሺ፣ አሁን በደንብ ልጻፈው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ያለችው የመጨረሻ ቅዳሜ የእኛ ናት። የጀመራት ባሌ ነው። ቡድን የለ፣ ዋንጫ የለ፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ አያት ተደባልቆ ሜዳ ይገባል። አንድ ጊዜ አማቴ በእጃቸው ጎል አግብተው ዳኛው ፈርቷቸው አጸደቀ። እንደዚያ ነበር። እሱ በረኛ ነው፤ ወንድሙ አጥቂ። ዓምና ማንም ስለ ጨዋታ ለማንሳት አፉ አልደፈረም፤ ቀኗ ዝም ብላ አለፈች።

ዘንድሮ ደግሞ ፊሽካ ፕሮግራም አውጥቷል። የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል። «ቤተሰቡ ጥቁር ለብሶ ፊት ለፊት ይቀመጣል» አለኝ። የህሊና ጸሎት ይደረጋል። ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ሁለት የወንዶች ቡድኖች ይጫወታሉ። እሺ። ይሄንን ሁሉ እሺ ልበል። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሴት ልጅዎ ጥቁር ለብሳ ትወጣለች። ኳስ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ላይ ይቀመጥላታል። ጎሉ ባዶ ነው! በረኛ የለም! የአባቷ ቦታ ባዶ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ገባዎት? ቀስ ብላ ትመታለች፣ ኳሷ መረቡ ላይ ታርፋለች፣ ጸጥታ። ሰው ያለቅሳል! አሁን ሳወራ ራሱ ክንዴ ውርር አለኝ፤ ይዩት!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበልኝ።

እኔም ክንዱን አየሁለት። እንደ ደንቆሮ ቆሜ ክንዱን አየሁለት፣ ሱፉን ተቀበልኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ «ዓርብ በ17 ይደርስልዎታል» አልኩት! ለምንድን ነው አፌ በሚያስፈልገኝ ቀን የሚዘጋው? ሌላ ጊዜ ስለ ቲማቲም እንኳ ግማሽ ቀን ማውራት የማይሰለቸኝ ሴት! ቤት ስገባ ነው መልሱ ሁሉ የመጣልኝ። መልሱን ለድስቱ ነገርኩት።

11፣ ቅዳሜ

አልሄደችም።

ዋርሳዬ መጥቶ በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ጋዜጠኛው ማሊያውን ለብሶ እየዘለለ ይጠብቃል። ጉንዳን ከክፍሏ አልወጣችም። ሐሙስ ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምታለች፤ «ልጅቷ ናት አሉ ባዶ ጎል ላይ የምትመታው፤ ምስኪን፣ ደግሞ እኮ ያን ቀንም እሷ ናት…» ከዚያ እሷን ሲያዩ ዳቦው ሞቃት ነው አሉ። ዳቦው ሞቃት ነው! ምላሳቸውን ያቃጥለውና!

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አታደርጊውም፤ እኔ እያለሁ አታደርጊውም» አልኳት።

«እማ፣ ጥቁር ልብሱ ግድ ነው?»

«አታደርጊውም አልኩሽ እኮ!»

«እሺ። ሜዳ ግን አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ ወዲህ።»

«እኔ እየሠራሁ ነው የማሳድጋችሁ፤ ለሜዳ ጊዜ የለኝም።» ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። በልጅ ላይ ምን ያስጮኸኛል? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከሥራ ስመለስ በፋርማሲው በኩል ነው የምዞረው። መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ጥላ አለው። በሜዳው በኩል ፀሐዩ አናት ይበሳል። ያ ነው ምክንያቱ። ለጉንዳን እንደዚያ ብነግራት ኖሮ ትረዳኝ ነበር።

12፣ እሑድ

ከአማቴ ጋር ተጣላን። ወንበሩን ወደዱት! «ልጄ በወግ በማዕረግ ይታሰብ። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን መጥጦ። ኳስ ጨዋታ ምን ያደርጋል? ኳስ አይደለም እንዴ የበላብኝ?» አሉ።

«እማማ፣ ልጅዎን ኳስ አልበላውም። ልቡ ነው። ሐኪሙ ነግሮናል።»

«ሐኪሙ ሜዳ ላይ ነበር?»

«እኔ ነበርኩ!»

ሻይው ቀዘቀዘ። ከዚያ አማቴ ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። እሱ የእሳቸው ይቅርታ ነው። አልተቀበልኩም፤ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ሬት! ንዴት ካልቀረ እንዲህ ነው።

14፣ ማክሰኞ

ለፊሽካ በዋርሳዬ በኩል ላክሁለት፤ ባዶ ጎሉ ይቅር፣ ጥቁሩ ይቅር፣ ቀኗ እንደ ድሮዋ ትሁን። የመለሰው፤ «ስሜታቸው ይገባኛል፤ ግን ፕሮግራሙ ታትሟል፣ ባነርም ለአታሚ ተሰጥቷል።»

ስሜታቸው ይገባኛል! ምን አባቱ ይገባዋል!

ላውንደሪው ውስጥ የአንድ ሙሽራ ቬሎ ላቃጥል ደረስኩ። ለጥቂት ነው የዳነ። አሠሪዬ፣ የላውንደሪው ባለቤት፣ «ዛሬ ካውያውን አንቺ ነሽ የያዝሽው ወይስ እሱ ነው የያዘሽ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ቀልደኛ ሆኗል።

ጉንዳን ዛሬም አልወጣችም። ጋዜጠኛው በሯ ላይ ቆሞ «ተጫዋቿ እስካሁን ከመልበሻ ክፍል አልወጣችም፣ ደጋፊው ይጠብቃል» ሲል ሰማሁት። ቀስ ብሎ። እንደ ልቅሶ ቤት።

16፣ ሐሙስ

ልሞት ነው! በሳቅ ይሁን በንዴት እኔ አላውቅም! እስቲ ልጻፍልሽ።

ባነሩ ወጣ። ከጣቢያው ፊት፣ አውቶቡሶቹ ሁሉ የሚቆሙበት ቦታ ላይ፣ በሁለት ምሰሶ መሀል ተንጣልሏል። «ነፍሱን ይማር፤ የዘላለም በረኛችን» ይላል። በመሀሉ ፎቶ አለ። ፎቶው የዋርሳዬ ነው። የቁሙ! የሹፌሩ! ሻሞላ የሚያህል ጥርሱን ገልጦ!

እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የደረስንበት። ባሌና ወንድሙ በዚያች የመጨረሻ ቅዳሜ ማሊያ ይቀያየሩ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንዱ «በረኝነት ቆሞ መዋል ነው»፣ ሌላው «አጥቂነት ኳስ መለመን ነው» እየተባባሉ ይከርሙና፣ በዚያች ቀን ተቀያይረው ይሞክሩታል፤ ሁለቱም ይዋረዳሉ። ሜዳው ላይ ቡድኑ ፎቶ የሚነሳውም በዚያች ቀን ነው። ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ እሱ ነው፤ በበረኛ ማሊያ የቆመው ዋርሳዬ፣ ከኋላ በአጥቂ ማሊያ ዓይኑን የጨፈነው ባሌ። ፊሽካ ደግሞ ለአታሚው «በረኛውን ቁረጥና አውጣ» ብሎ ልኮለታል። አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቅ! እኛ ቤት በር ማንኳኳት አይችልም ነበር?

ዋርሳዬ አውቶቡሱን እየነዳ ከጠመዝማዛው ብቅ ሲል ራሱን ሞቶ አገኘው። ተሳፋሪው ባነሩን አየ፣ ሹፌሩን አየ። አንዲት ሴትዮ «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች። ከኋላ አንዱ «ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ የት ነው የምትወስደን?» አለው አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ፤ እሱ ግን መሪው ላይ ደፋ ብሎ መንዳት አቃተው።

ቤት መጥቶ ሲነግረን መጀመሪያ ሳቅን። አማቴ ልጃቸውን እየዳሰሱ «አለህ አይደል? አለህ?» ይሉታል። ከዚያ እሱ፣ «ወንድሜን እኮ አላሰቡትም፤ ባነሩ ላይ እንኳ የለም» አለ። ያኔ ነው ሳቃችንን ያቆምነው።

ጉንዳን ከክፍሏ ወጥታ የአጎቷን ራስ አቀፈችው።

እኔ ነገ ሱፍ ልብስ አስረክባለሁ። ይምጣ ብቻ!

17፣ ዓርብ

መጣ። ሱፉ ተተኩሶ፣ ላስቲክ ለብሶ ተሰቅሏል፤ እጥፋቱ ቢላ ነው፣ ሥራዬን በንዴትም ቢሆን አላበላሽም። ባንኮኒው ላይ እጁን ዘረጋ።

«አይሰጥም» አልኩት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የማን መታሰቢያ ላይ ሊለብሱት ነው? የሹፌሩ?»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ስህተት ነው፣ ይታረማል፣ አዲስ ባነር… አለ። ደንበኞች ተሰልፈዋል፤ አሠሪዬ ከመጋረጃው ኋላ አንገቷን አስግጋለች። እኔ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ስወርድ ራሴም አልታወቀኝም።

«ባነሩን ተወው! ባነርህን ጣራ ክደንበት! ልጄን ባዶ ጎል ላይ ምቺ ትላታለህ። አባቷ እንዴት እንዳረፈ ታውቃለህ?»

«ሜዳ ላይ እንደሆነ…»

«ጎል ሲገባበት እንደ ተተኮሰበት ሰው ይወድቃል። ቀልዱ ነው። ልጆቹ ሮጠው መጥተው እስኪኮረኩሩት ድረስ አይነሳም። ዓመት ከዓመት ያው ነው። ካቻምና በዚያች ቅዳሜ እሷ መታች። ገባ። እሱ ወደቀ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅኩ። ሮጣ ሄዳ ኮረኮረችው። ቆየች፣ እየኮረኮረችው።»

ከተሰለፉት አንዷ ቦርሳዋን ጨብጣ ግድግዳውን ታያለች። ፊሽካ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ደንበኛ የሚቀመጥበት አይደለም፣ የተጣጠፉ አንሶላዎች የሚቀመጡበት ነው። «አላወቅሁም፤ በናትዎ አላወቅሁም» አለ። ፊሽካው የጠፋበት ዳኛ መሰለኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለላውንደሪ ደንበኛ ተናገርኩት።

ቆይቶ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ «ሁሉም ይቀራል። ወንበሩም፣ ቡድኖቹም፣ እንደ ድሮው ይሁን። ግን…» አለና አመነታ፤ «እንደ ድሮው ከሆነ፣ ጎሉ ላይ ማን ይቆማል?»

«እኔ!» አልኩት።

አፌ ነው የተናገረው። እኔ ምንም አላሰብኩም። ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ሱፉን ሰጥቼው ሄደ፣ እኔም ካውያዬን አነሳሁ፣ ከዚያ መልሼ አስቀምጬው አንሶላው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ኳስ በእጄ ይዤ የማውቀው ለማጠብ ነው!

18፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

በፋርማሲው በኩል አይደለም። በቀጥታው። ጋዜጠኛው ከፊት ከፊት እየሮጠ «አዲሷ በረኛ ወደ ሜዳ እየገባች ነው፣ አረማመዷ ጥሩ አይደለም!» ይላል። ልክ ነበር። የባሌ ጓንት ሰፍቶኛል፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ባዶ ናቸው። አማቴ ከኋላ ሻርፓቸውን አጥብቀው እየተከተሉ፣ «ይህቺ ሴት ልትፈርጥብኝ ነው» ይላሉ።

ሜዳው ያው ነው። የጎሉ ብረት ያው ቀለሙ የተላጠ ነው። እዚያች መሀል ላይ ሳር አልበቀለም፤ እሱ ስለሚቆምባት ድሮም አትበቅልም ነበር። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ገባሁባት።

ጉንዳን ሳታውቅ ነው ያመጣናት፤ ዋርሳዬ እስቲ ልጆቹን እንያቸው ብሎ። ስታየኝ ባለችበት ቀረች።

«እማ፣ ውጪ።»

«ምቺ!»

«እማ፣ ውጪ እባክሽ።»

«ስሚኝ፣ ቅዳሜዬን ትቼ፣ ያልታጠበ ልብስ ጥዬ የመጣሁት ቆሜ ልታይ አይደለም። ምቺ ብያለሁ!»

ኳሷን ለአጎቷ አቀበለችው። እሱ መለሰላት። ለጋዜጠኛው አቀበለችው። እሱም መለሰላት፤ በዚህ ዓለም ላይ ኳስ አግኝቶ ሲመልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ነካ አደረገቻት። ተንከባላ መጥታ እግሬ ስር አረፈች። ንዴቴ መጣ፤ እውነተኛው።

«ይሄ ምት ነው ወይስ ሰላምታ? አባትሽ ያስተማረሽ ይሄንን ነው? ለእኔ ነው የምታዝኚው? እኔ እኮ ላውንደሪ ነው የምሠራው፣ የፈላ እንፋሎት ፊቴ ላይ የሚመጣ ሴት ነኝ! ነይ እንጂ! ፈሪ!»

መታች።

አላየኋትም እንኳ። በግራ በኩል ስትመጣ ወደ ቀኝ ነው የዘለልኩት፤ ዘለልኩ ማለት ይቻል እንደሆነ። በደረቴ መሬት መታሁ፣ አቧራ ጎረስኩ። መረቡ ሲናጥ ሰማሁ። ማንም አልሳቀም። ጋዜጠኛው እንኳ ዝም አለ። አማቴ «ኧረ…» ብለው ቀሩ።

ቀና ስል ጉንዳን እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ፊቷ ላይ ደም የለም።

ተነሳሁ። ቶሎ ነው የተነሳሁት፣ በአራት እግሬ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። «ማን ነው እናቱን እንዲህ የሚመታ! ጥርሴን ልታወልቂው ነው? ይሄ ጉልበቴ ተላጠ እኮ፣ ይኸው፣ ደም! ነይ እዪ! ሁለተኛ እንዲህ ብትመቺ ወዮልሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ቀሚሴን አራግፌ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። «ነይ፣ ድገሚ!»

ሳቀች መሰለኝ፤ ከዚያ አይ፣ እያለቀሰች ነበር። ኳሷን አስቀመጠች። ደገመች። እንደገና ገባብኝ፣ እንደገና ወደቅኩ፣ እንደገና እየተራገምኩ ተነሳሁ። በእያንዳንዱ ምት መሬት ላይ ስሆን ታየኛለች፤ እስክነሳ ድረስ ታየኛለች፤ ከዚያ ነው ኳሷን የምታስቀምጥ። ስንት ጊዜ እንደመታች አልቆጠርኩም። ፀሐይ እስክትበርድ። አንዷን ያዝኩ! በሆዴ ነው የያዝኳት፣ አስቤ አይደለም፣ ግን ይዣለሁ! ዋርሳዬ መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ፣ አማቴ አጨበጨቡ፣ ጋዜጠኛው ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

ስንመለስ ጉንዳን ክንዴን ያዘችኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ጉልበቴን አይታ፣ «እማ፣ ሳምንትም ትወድቂያለሽ?» አለች።

«መውደቁን እንጃ፤ ብወድቅም ግን እነሳለሁ» አልኳት።

ሁሉም ተኝቷል። ጓንቱን አጥቤ ሰቅያለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ለአንተ ነው አሁን የምጽፈው፤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ተነስተህ ብትቆጣት ምን ነበረበት? ተናድጄብሃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተናድጄብህ ነበርና ለሰው ሁሉ አካፈልኩት። ባነሩ ላይ የወንድምህን ፊት ሲያደርጉ ሰምተህ እንደሆነ እየሳቅክ ነው። ሳቅ። ሳቅ እሺ።

20፣ ሰኞ

ወገቤን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ክንዴ ካውያ አያነሳም፤ አሠሪዬ ካልሲ ብቻ እጠፊ አለችኝ። ጉንዳን ዛሬም ልምምድ ወጥታለች፤ ከበረኛ ጋር፣ ከእውነተኛ በረኛ ጋር፣ አሥር አግብታለች አለ ጋዜጠኛው። ይዋሻል እንጂ አምስት አይበልጥም ብላ ሳቀችበት። ያቺ ናት ልጄ!

ፊሽካ ባነሩን አውርዶ ወደ ላውንደሪው አመጣልኝ፤ ምን ላድርገው ብሎ። ቤት ይዤው ስገባ አማቴ ነጠቁኝ። ሰፊ ነው፣ ከመሬት እርጥበት ያድናል፣ በዚያን ቀን ሳሩ ላይ አንጥፈን እንቀመጥበታለን አሉ። ዋርሳዬ «እኔ ላይ ልትቀመጡ?» አለ። «አንተ ላይ» አሉት።

አሁን ይሄንን እዚህ የምጽፈው ነገ ለሰው ሁሉ ስናገር እንዳይደነቃቀፍብኝ ነው። በሩን የሚከፍት ደንበኛ ሁሉ ይሰማዋል፣ አውቶቡስ ውስጥ ዋርሳዬ በማይክሮፎኑ ይናገረዋል፣ ዳቦ ቤት ደግሞ እኔ ራሴ ተሰልፌ፣ እነዚያ ሁለቱ ሴቶች ጆሮ ስር ቆሜ እለዋለሁ፦

ስሙ! ወንበር የለም። ጥቁር የለበሰ ሰው ካየሁ ሜዳው ላይ አስወልቀዋለሁ። ከንፈር ለመምጠጥ የመጣ ሰው ቤቱ ሆኖ ይምጠጥ። እናቶች የሚሮጡበት ጫማ አድርጉ፤ እኔ ካደረግኩ እናንተም አያቅታችሁም። ልጆች የፈለጋችሁትን ያህል አምጡ። ሐብሐብ ያላችሁ ሐብሐብ፣ ዳቦ ያላችሁ ዳቦ፣ ምንም የሌላችሁ ጉሮሮ ይዛችሁ ኑ። ጎሉ ባዶ አይሆንም፤ እኔ አለሁበት። ከአዋቂ እስከ ሕፃን፣ ያስቀየመኝ፣ ያስቀየምኩት፣ ያማኝ፣ ያላማኝ፣ ሁላችሁም ተራ ይዛችሁ ምቱብኝ፤ የመጀመሪያዋ ግን የልጄ ናት። የማይመጣ ሰው ከዚያ በኋላ ሸሚዙን ሌላ ቦታ ያስተኩስ።

ቅዳሜ ነው። የፊታችን ቅዳሜ፣ 25፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ሜዳው ላይ።